ግድግዳ ደረሰኝ ይሆናል እንዴ?

ኦሞራቴ ከቀትር በኋላ ለእንግዳ አትራራም። ፀሐዩ ከላይ፣ አቧራው ከታች ተባብረው ሲይዟችሁ ጥላ ፈልጎ ከመቀመጥ በቀር አማራጭ የላችሁም። እኛም ከቱርሚ ሰባ ምናምን ኪሎ ሜትር መጥተን፣ የኦሞን ወንዝ አይተን፣ የመመለሻ መኪና እስኪገኝ አንድ የጭቃ ግድግዳ ጥላ ሥር ተኮልኩለን ነበር። ይህን ጽሑፍ ያመጣብን ያ ግድግዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግድግዳው ፊት ለፊት አንድ አይሱዙ ዱቄት ጭኖ ቆሟል። ሁለት የዳሰነች ወጣቶች ጆንያ እየተሸከሙ ወደ መጋዘን ያስገባሉ። ክፍያው በጆንያ ነው። በሩ ላይ እንደ እኛው ከመሀል አገር የመጣ የሚመስል ልጅ ወንበር ስቦ ተቀምጧል፤ አንድ ጆንያ ባለፈ ቁጥር በብስኩት ካርቶን ቁራጭ ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ይጭራል። ለሁለቱ ተሸካሚዎች ሁለት ረድፍ አለው። እስከዚህ ድረስ የሚገርም ነገር የለም። የገረመን አንደኛው ተሸካሚ ነው። ጆንያውን አስገብቶ በወጣ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ከመሬት የከሰል ስባሪ ያነሳና እኛ በተጠጋንበት ግድግዳ ላይ አንድ መስመር ያሰምራል። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎን ነበር።

ሥራው አልቆ ሒሳብ ሲመጣ ጨዋታ አለመሆኑ ገባን። ካርቶኑ ‹‹32›› አለ። ግድግዳው ‹‹34›› አለ። ልጁ በእጁ ወደ ግድግዳው ይጠቁማል፤ ጓደኛው በተሰባበረ አማርኛ ያስተረጉምለታል። ባለካርቶኑ ‹‹ደግሞ እሱ መጻፍ የት ያውቅና ነው?›› አለ። እኛ ሥራ ፈቶች ነንና ተነስተን ግድግዳውን ቆጠርነው። 34። ደገምነው። 34። ከመሀላችን አንዱ ‹‹ወንድም፣ ግድግዳውን እየው እንጂ›› ቢለው፣ ባለካርቶኑ ፈገግ ብሎ ‹‹ግድግዳ ደረሰኝ ይሆናል እንዴ?›› አለን። ሁላችንም ሳቅን። ልጁ የ32 ተከፍሎት ሄደ።

ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ሳቃችን ግን እስከ ዲመካ እንኳን አልዘለቀም። መኪና ውስጥ ሆነን ስናስበው ባለካርቶኑና ባለግድግዳው የሠሩት ሥራ አንድ ዓይነት ነው። ባለካርቶኑም ቢሆን ‹‹32›› ብሎ አልጻፈም፤ መስመር ነው የደረደረው። ያኛውም መስመር ነው የደረደረው። የአንደኛው መስመር ደረሰኝ፣ የሌላኛው መሞነጫጨር የሆነው በምን ሕግ ነው? አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ይህቺን ጥያቄ ይዘን የጭረትን ታሪክ ስናገላብጥ ከረምን። ያገኘነው እነሆ።

አምስተኛዋ ለምን ትጋደማለች?

ጭረት መቁጠሪያን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። አንድ ነገር ሲያልፍ አንድ መስመር፣ ሌላው ሲያልፍ ሌላ መስመር፤ አራት ሲሞሉ አምስተኛዋን በላያቸው አጋድሞ እንደ ነዶ ማሰር። የታክሲ ተራ አስከባሪው በደብተሩ ጠርዝ ላይ፣ ግንበኛው ብሎኬት ሲራገፍ በድንጋይ ላይ፣ ካርታ ተጫዋቾች በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የክፍል አለቃ ምርጫ ትዝ ይበላችሁ። አስተማሪው የሦስት ተማሪዎች ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ የተጣጠፈችው ወረቀት በተነበበች ቁጥር ከስሙ አጠገብ በጠመኔ አንድ ጭረት። ስልሳ ተማሪ አንገቱን አስግጎ እያንዳንዷን መስመር ይከታተላል። አስተማሪው አንዷን ቢዘልል ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። በሕይወታችን ያየነው የመጀመሪያው (ለአንዳንዶቻችን የመጨረሻው) ግልጽ ቆጠራ ያ ነበር።

አምስተኛዋ መስመር የምትጋደምበት ምክንያት ዓይናችን ውስጥ ነው። ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ የተባለ እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1871 እ.ኤ.አ. ‹‹ኔቸር›› በተባለው መጽሔት ላይ ራሱን የፈተነበትን ሙከራ አሳተመ። ጥቁር ባቄላ ዘግኖ ሳጥን ውስጥ ይወረውርና ሳይቆጥር በአንድ እይታ ብቻ ‹‹ይህን ያህል ነው›› ይላል፤ ከዚያ ቆጥሮ ያረጋግጣል። ሦስትና አራት ሲሆኑ አንድም ጊዜ አልሳተም። አምስት ላይ መሳት ጀመረ። ቁጥሩ ሲጨምር ስህተቱም ጨመረ። የሰው ዓይን ያለ ቆጠራ ‹‹የሚያፍሰው›› እስከ አራት ገደማ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አራት ቋሚ መስመር ጭረን አምስተኛውን ስናጋድም ዓይናችን ከሚደናገርበት ቦታ አንድ እርምጃ ቀድመን አጥር እያጠርን ነው። ቻይኖች፣ ጃፓኖችና ኮርያውያን በበኩላቸው አምስት መስመር ያላትን አንዲት ፊደል በየተራ አንድ አንድ መስመር እየጨመሩ ይሠሯታል፤ ፊደሏ ስትሞላ አምስት ሆነ ማለት ነው። ብራዚል ውስጥ ደግሞ አራቱ መስመሮች ሳጥን ይሠራሉ፤ አምስተኛው ሳጥኑን ከጥግ ወደ ጥግ ይሰነጥቀዋል። መልኩ ይለያያል፤ ሁሉም ግን አምስት ላይ ይቋጫሉ።

ከፊደል በፊት

ባለካርቶኑ ‹‹መጻፍ የት ያውቅና›› ሲል ጭረት ከጽሑፍ በታች ያለ፣ ጽሑፍ ያልደረሰው ሰው የሚጠቀምበት ነገር አድርጎት ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ይላል። ደቡብ አፍሪካን ከኤስዋቲኒ (ከቀድሞዋ ስዋዚላንድ) በሚያዋስኑት የሌቦምቦ ተራሮች ዋሻ ውስጥ 29 ጭረቶች ያሉበት የዝንጀሮ አጥንት ተገኝቷል፤ ዕድሜው ከ40 ሺህ ዓመት በላይ ነው። ኮንጎ ውስጥ በኤድዋርድ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ኢሻንጎ ደግሞ ዣን ደ ሄንዝሊን የተባለ ቤልጂጋዊ ተመራማሪ በ1950 እ.ኤ.አ. ሦስት ረድፍ ጭረት የተቀረጸበት ትንሽ አጥንት አገኘ፤ እሱም የ20 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ብራስልስ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። ጭረቶቹ ምን እንደሚቆጥሩ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ጨረቃ ነው የሚል አለ፣ ሒሳብ ነው የሚል አለ፣ እጅ እንዳያዳልጥ የተሠራ መያዣ ነው የሚልም አልጠፋም።

ጽሑፍ ራሱ የመጣው ከቆጠራ ነው። በሜሶፖታሚያ ሰዎች በጉንና እህሉን በትናንሽ የጭቃ ቅርጾች ይቆጥሩ ነበር፤ ቅርጾቹ ወደ ጭቃ ሰሌዳ ላይ ምልክት ተለወጡ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3300 ገደማ ኡሩክ ከተማ ውስጥ የምናገኛቸው የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አብዛኞቹ ግጥምም ጸሎትም አይደሉም። ገቢና ወጪ ናቸው። የሰው ልጅ ‹‹እወድሻለሁ›› ብሎ ከመጻፉ በፊት ‹‹ይህን ያህል ገብስ አለብህ›› ብሎ ጽፏል።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኖባ ዘመቻው ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ የማረከውን ዘርዝሯል፤ 10,560 ከብት፣ 51,050 በግ። ልብ በሉ፤ ‹‹ሃምሳ ሺህ ገደማ›› አላለም። ሃምሳዋ ትርፍ ሳትቀር ተመዝግባለች። በታሪክ ትምህርት ቤት የንጉሡን ስም አጥንተናል። በዚያ ሁሉ አቧራ ውስጥ ቆሞ በጎቹን አንድ በአንድ ያሳለፈው ሰው ግን ስም የለውም። ድንጋዩ ላይ የወጣው የንጉሡ ቁጥር ነው። ከድንጋዩ በፊት የነበረው ቆጠራ የዚያ ስም የለሽ ሰው ነው።

ላሙን የሚያውቅ ላም አይቆጥርም

እንግዲህ ወደ ኦሞ ሸለቆ እንመለስ። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ነገሩን በጭረት የሚቆጥር ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ከብት አርቢው ከብቱን አይቆጥርም ማለት ይቻላል፤ ያውቃቸዋል እንጂ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሙርሲዎች ዘንድ ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ሙርሲዎች የከብትን መልክና ዝንጉርጉርነት የሚለዩባቸው ቃላት ምን ያህል የረቀቁ እንደሆኑ ጽፏል። እንዲህ ያለ እረኛ ማታ ከብቶቹ ሲገቡ ‹‹41 ናቸው›› አይልም። ‹‹ያቺ ግንባረ ነጯ የለችም›› ነው የሚለው። እናታችን ማታ ቤት ስንገባ አራት ልጆቿን እንደማትቆጥረው ማለት ነው። አንዱ ከጎደለ ቤቱ ራሱ ይነግራታል።

በዳሰነቾችም ዘንድ እንዲሁ ነው። ኡሪ አልማጎር የተባለ ተመራማሪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዳሰነቾች እርስ በርስ የሚመሠርቱትን የወዳጅነት ቃል ኪዳን በሰፊው አጥንቶታል። አንዱ ለሌላው ከብት ይሰጣል፤ ያኛው ቀን ሲደርስ በሌላ መልክ ይመልሳል፤ ግንኙነቱ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። እዚህ ዓይነት ዝምድና ውስጥ ካርቶን ይዞ የሚቀመጥ ቆጣሪ ቦታ የለውም። ዕዳውን የሚያስታውሰው ወዳጅነቱ ራሱ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ጭረት የሚያስፈልገው የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ ነው። ጆንያውን የሚሸከመው ልጅ ለወዳጁ ቢሸከም ኖሮ ከሰል አያነሳም ነበር። ከሰሉን ያነሳው ባለካርቶኑን ስለማያውቀው ነው። (ደግሞም ትክክል ነበር።)

ይህ ጥንቃቄ የእነሱ ብቻ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ በሁለተኛ ሳሙኤል ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ስለቆጠረ መቅሠፍት መጣ። አያቶቻችንም ‹‹ስንት ልጅ አለዎት?›› ሲባሉ ቶሎ አይመልሱም። ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ነገር አለ። ግብር ነው፣ ምልመላ ነው፣ አንድ ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ዳሰነቾች ወደ 48 ሺህ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አገራችን ሕዝቧን አልቆጠረችም፤ አራተኛው ቆጠራ ተራዝሞ ተራዝሞ እስከ ዛሬ አልተካሄደም። ከኦሞራቴ እስከ አዲስ አበባ ሁላችንም በግምት ነው የምንኖረው።

ቆጠረ፣ ቋጠረ፣ ቀጠረ

ከኦሞራቴ ወደ ቱርሚ ስትመለሱ የሐመሮች አገር ውስጥ ትገባላችሁ። ሐመሮች የከብት ዝላይ ሥነ ሥርዓታቸውን ሲያዘጋጁ እንግዳ የሚጠሩበት መንገድ አላቸው። የሚዘለው ወጣት (‹‹ኡኩሊ›› ይሉታል) ቋጠሮ ቋጠሮ ያለበት የደረቀ ሣር ለዘመድ አዝማዱ ያድላል። ተጋባዡ በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይቆርጣል። ቋጠሮው ሲያልቅ ቀኑ ደርሷል፤ መንገድ መጀመር ነው። የጥሪ ካርድም የቀን መቁጠሪያም በአንድ ሣር ላይ። ‹‹መቼ ነበር ሠርጉ? ካርዱ የት ጠፋ?›› ብላችሁ ቤት ለምታምሱ ሁሉ ይህ ትምህርት ይሁናችሁ።

ሄሮዶቱስ የሚባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ የሚተርከው ወሬ ከዚህ ጋር አንድ ነው። የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ እስኩቴሶችን ሊወጋ የዳንዩብን ወንዝ ሲሻገር ድልድዩን ለሚጠብቁለት ሰዎች 60 ቋጠሮ ያለበት ጠፍር ሰጣቸው። ‹‹በየቀኑ አንድ ፍቱ፤ ቋጠሮው ሳልመለስ ካለቀ ወደ አገራችሁ ሂዱ›› አላቸው። የዓለም ኃያል ንጉሥ ከነ ሠራዊቱ ዕጣውን የጣለው በአንድ ጠፍር ላይ ነው። ያ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። የሐመሩ ወጣት ዛሬም ያደርገዋል።

እስቲ ደግሞ አማርኛችንን ስሙት። ቆጠረ። ቋጠረ። ቀጠረ። ቁጥር፣ ቋጠሮ፣ ቀጠሮ። ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ስትሏቸው ወንድማማችነታቸው ጆሮ ላይ ይሰማል፤ ሐመሩ ኡኩሊ የያዘው ሣር ደግሞ ሦስቱንም ነው። ቋጠሮ ነው፤ ይቆጠራል፤ ቀጠሮ ነው። ቂም እንኳን በአማርኛ ‹‹ይቋጠራል››፤ እስኪፈታ ድረስ ማለት ነው።

ከሐመር ወደ ምሥራቅ ጥቂት ብትሄዱ ኮንሶ ትደርሳላችሁ። እዚያ የሚቆጠረው ቀን ሳይሆን ትውልድ ነው። በየ18 ዓመቱ ሥልጣን ከአንዱ የዕድሜ እርከን ወደ ሌላው ሲሸጋገር በመንደሩ አደባባይ (‹‹ሞራ›› ይሉታል) ላይ ረጅም የትውልድ እንጨት ይተከላል። ስሙ ‹‹ኦላሂታ›› ነው። እንጨቶቹን ቆጥሮ በ18 ማባዛት የመንደሩን ዕድሜ ይነግራችኋል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህ ባህል 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ መዝለቁን ጠቅሷል። እንግዲህ ይህ ምንድን ነው? አንድ ሰው ሙሉ ዕድሜውን ኖሮ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሲተከል የሚያየው ጭረት ነው። ኮንሶ ላይ የተተከለ እንጨት ለዓለም አቀፍ ድርጅት ማስረጃ ሲሆን፣ ኦሞራቴ ላይ የተሰመረ ከሰል ለሁለት ጆንያ ማስረጃ አልሆነም።

ግማሹ ለአንተ፣ ግማሹ ለእኔ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል፤ ደረሰኝ ወደሚባለው ነገር። የእንግሊዝ መንግሥት ግምጃ ቤት ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ደረሰኝ የሚሰጠው በእንጨት ነበር። አንድ ዘንግ ይወሰዳል፤ የገንዘቡ መጠን በጭረት ይቀረጽበታል። ሺህ ፓውንድ የመዳፍ ውፍረት ያህል፣ መቶ ፓውንድ የአውራ ጣት ያህል፣ ሃያ ፓውንድ የትንሿ ጣት ያህል፣ አንድ ፓውንድ የገብስ ቅንጣት ያህል። ይህን የጻፈልን ሪቻርድ ፊትዝኒል የተባለው የግምጃ ቤቱ ሹም ነው። ዋናው ብልሃት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዘንጉ ለሁለት ይሰነጠቃል። ጭረቶቹ በሁለቱም ግማሾች ላይ ይቀራሉ። አንዱን ከፋይ ይወስዳል፣ ሌላውን ተቀባይ። የጠብ ቀን ሁለቱ ይጋጠማሉ። ከአንዱ ላይ አንዲት ጭረት ጨምሮ ማጭበርበር አይቻልም፤ ሌላው ግማሽ ይመሰክራል። የእንጨቱ ስንጥቅ ደግሞ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የሌላ እንጨት ግማሽ አይገጥምለትም።

ይህ አሠራር እስከ 1826 እ.ኤ.አ. ዘለቀ። መጨረሻው አሳዛኝም አስቂኝም ነው። በጥቅምት 1834 እ.ኤ.አ. የተከማቹትን አሮጌ ዘንጎች ለማስወገድ በፓርላማው ሕንፃ ምድር ቤት ባሉ ምድጃዎች ውስጥ አስገብተው ለኮሷቸው። እሳቱ ከልክ አለፈ። የዌስትሚንስተር ቤተ መንግሥት በዚያው ሌሊት ጋየ። የእንግሊዝ ፓርላማ በራሱ የደረሰኝ ክምር ተቃጠለ ማለት ነው።

ፈረንሳዮች ደግሞ ነገሩን ሕግ ውስጥ አስገቡት። የ1804ቱ የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1333 በጭረት ዘንግ የመገበያየት ልማድ ባላቸው ሰዎች መካከል ሁለቱ ግማሾች እስከገጠሙ ድረስ ማስረጃ ይሆናሉ ይል ነበር። ዳቦ ጋጋሪው አንዱን ግማሽ፣ ደንበኛው ሌላውን ይይዛል። በዱቤ ዳቦ ሲወሰድ ሁለቱ ጎን ለጎን ተይዘው በአንድ ቢላ አንድ ጊዜ ይጫራሉ። ሁለቱም ማንበብ ላይችሉ ይችላሉ። ሊካካዱ ግን አይችሉም። እንግዲህ ባለካርቶኑ ወንድማችን ሆይ፣ በፓሪስ ሕግ እንኳንስ ግድግዳ እንጨትም ደረሰኝ ነበር።

የእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የተረቀቀው በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው። የጭረት ዘንግ ነገር አላነሳንበትም፤ አንድ ትልቅ ነገር ግን አለው። አንቀጽ 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው በውል ላይ ያሳረፈው የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ሕጉ የገባው ነገር አለ። ወረቀቱን የሚያነበው አንዱ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ወረቀቱ የሁለቱ ምስክር መሆኑ ቀርቶ የአንዱ መሣሪያ ይሆናል። ግን ስንት ሰው ነው ለሠላሳ አራት ጆንያ ዳኛ ፊት የሚቀርበው?

የሠፈራችንን ባለሱቅ የዱቤ ደብተር አስቡት። ‹‹የወሩ ይህን ያህል ሆኗል›› ይባላል፤ ይከፈላል። ደብተሩ አንድ ነው፤ ያለው ባለሱቁ ጋ ነው። አብዛኞቹ ባለሱቆች ታማኝ ናቸው፤ ስለዚህ እንኖራለን። የቀን ሠራተኛው ‹‹ስንት ቀን ነው የሠራሁት?›› ብሎ የሚጠይቀው ግን የራሱን ላብ ነው፤ መልሱ ያለው ሰው እጅ ባለ ደብተር ውስጥ ነው። ከእንግሊዙ ዘንግ ወደ ወረቀት ስንሸጋገር ብዙ ነገር አግኝተናል። ማንበብ የማይችለው ሰው ግን ግማሽ ዘንጉን አጥቷል።

‹‹ቀጭ››

የኦሞ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ የተረዱት ይመስለናል። ለረጅም ዓመታት በደቡብ ኦሞ መንደሮች ውስጥ ልማዱ ቱሪስት ላነሳው ለእያንዳንዱ ፎቶ መክፈሉ ነበር። ቱሪስቱ ሲመለስ ‹‹ገንዘብ ወዳዶች ናቸው፤ ካሜራዋ ‹ቀጭ› ባለች ቁጥር ይቆጥራሉ›› እያለ ያማ ነበር። እኛም ሰምተን አጨብጭበናል። አሁን ግን እስቲ ተገልብጣችሁ እዩት። ካሜራው ውስጥ የፎቶው ቁጥር ተመዝግቧል፤ እሱ የፈረንጁ ግማሽ ዘንግ ነው። የዳሰነቿ ሴት ደግሞ በጆሮዋ ‹‹ቀጭ›› እያለች ትይዛለች፤ እሱ የእሷ ግማሽ ነው። ሁለቱ ግማሾች ሲጋጠሙ ሒሳብ ይገጥማል። ክፋቱ ምኑ ላይ ነው? መልኳ የሚሸጥ ከሆነ ደረሰኙ ለምን በገዢው እጅ ብቻ ይሆናል?

ስለ ሙርሲዎች አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። ዴቪድ ተርተን ከክላይቭ ረግልስ ጋር በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት መሠረት ሙርሲዎች የጨረቃ ወራትን ይቆጥራሉ፤ ግን ‹‹አሁን ስንተኛው ወር ላይ ነን?›› ብትሏቸው አንዱ ይህን ሌላው ያን ይላል። ይከራከራሉ። የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው በኋላ ነው፤ ኦሞ ሲሞላና ሲጎድል፣ ከዋክብት ሲጠልቁ። ጥናቱን ያነበብን ጊዜ የወደድነው አንድ ሰው ካርቶን ይዞ ‹‹እኔ ያልኩት ነው›› የሚልበት ቦታ አለመኖሩን ነው። ቆጠራው የሁሉም ነው፤ ዳኛው ከሁሉም ውጭ የቆመ ወንዝ ነው። የጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ኦሞ በድሮ ልማዱ አይሞላም፤ የወንዙ አመላለስ በግድብ በር የሚወሰን ሆኗል። የድሮው ዳኛም ለሌላ ሰው ተቀጥሯል።

ስለዚህ የጭረት ታሪክ ለእኛ የነገረን ይህን ነው። ሰዎች በሺህ ዓመታት ውስጥ ደጋግመው ያገኙት መፍትሔ አንድ ነው፤ ቆጠራው በሁለቱም ፊት ይሁን፣ ወይም ሁለቱም ግማሽ ይያዙ። የክፍል አለቃ ምርጫ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሆን የነበረው ለዚህ ነው። የአገር ምርጫ ውጤት በየምርጫ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ የሚለው ሕግ የወጣውም ለዚህ ነው። የተለጠፈው ወረቀት የመራጩ ግማሽ ዘንግ ነው። ይህ ማንበብ የሚችለውንም የማይችለውንም ይመለከታል። እኛ ከተሜዎቹ ባንክ ያለን ሒሳብ ስልካችን ላይ በመልእክት ሲመጣልን ደስ የሚለን ያ መልእክት ግማሻችን ስለሆነ ነው። ባትቀበሉት ምን ይሰማችሁ እንደነበር አስቡት፤ ያኔ ከሰል ያነሳው ልጅ ምን እንደተሰማው ይገባችኋል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ባለካርቶኑ ካርቶኑን በሩ ላይ ቢለጥፈውና ተሸካሚው ራሱ ባለፈ ቁጥር እስክሪብቶውን ተቀብሎ ቢጭርበት ጠብም አይኖርም፣ ሳቅም አይኖርም። ወይም እኛ፣ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ የቆጠርን ሰዎች፣ ከሳቃችን በፊት ‹‹34 ነው፤ እኛ ምስክር ነን›› ብንል በቂ ነበር። ማንበብ የቻልነው እኛ ነበርን። አላልንም።

መኪናችን ስትነሳ ሠላሳ አራቱ ጭረቶች ግድግዳው ላይ ነበሩ።